ላልሠራሁት ጥፋት የመጡ ሽማግሌዎች

ይህ ታሪክ ለአንባቢ የሚቀርብ ነው ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ መኪና አልተገለበጠበትም፤ የጠፋ ዘመድም አልተገኘበትም። በዚህ ዓምድ ሲነበብልኝ የምሰማቸው ገጠመኞች ከዚህ በጣም የሚበልጡ ናቸው። የእኔው አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ ፈተና ጥሩ ውጤት በማምጣቷ የደረሰባት ነገር ነው። ጓደኛዬ ሰላማዊት ግን፣ “አንቺ ካልጻፍሽው እኔ እጽፈዋለሁ፤ እኔ ከጻፍኩት ደግሞ ስድብ ይበዛበታል” ስላለችኝ እኔው ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

“ሲነበብልኝ የምሰማቸው” ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ምክንያቱን እየቆየሁ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በዚህ ዓመት፣ በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣልኝ ስለከፋኝ ብቻ አይደለም። ከበደሉኝ ሰዎች የሚበዙት ደግ ነገር እየሠሩልኝ መስሏቸው ስለነበር ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን እረሳው ነበር።

የተወለድኩት ቤንች ማጂ ዞን ውስጥ፣ ሸዋ ቤንች አካባቢ ነው። አባቴ ቡና አምራች ገበሬ ነው። ቤት ውስጥ የምንናገረው ቤንችኛ ነው፤ ትምህርት ቤትና ገበያ ስንሄድ አማርኛ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማንበብ አስቸግሮኝ ነው የኖርኩት። ፊደል አላውቅም ማለቴ አይደለም። አንድ ፊደል ነጥላችሁ ብታሳዩኝ ወዲያው እነግራችኋለሁ። ተያይዘው ሲመጡ ግን የቃሉ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። እሱን ልይዝ ስመለስ ደግሞ መስመሩን እለቃለሁ። ሌላው ተማሪ ገጹን ገልብጦ ሲያልፍ እኔ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቴን አሳርፌ እቀራለሁ። ከንፈሬን ካላንቀሳቀስኩና የራሴን ድምፅ ካልሰማሁ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም።

ሰው ሲያነብልኝ ግን ይህ ሁሉ የለም። የሰማሁት ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ በማግስቱም ስፈልገው እዚያው አገኘዋለሁ።

ይህን ያዩ መምህራን ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። ታችኛው ክፍል ሳለሁ “ቤንች ስለሆነች ነው፤ አማርኛው ሲገባት ይስተካከላል” ይሉ ነበር። አማርኛው ከገባኝ ቆይቷል። ከእኔ ጋር በአንድ ቤት ያደገችው ታናሽ እህቴ ደግሞ የአማርኛ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም። ከፍ ስል “እንግሊዝኛ ለሁሉም ከባድ ነው” ተባለ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በቤንችኛ የተጻፈ መዝሙር ተባዝቶ ሲታደል ግን ያው ነበርኩ። ቋንቋው የራሴ ነው፤ መዝሙሩንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ወረቀቱን እያዩ ዘምሩ ስንባል ሌሎቹ አዝማቹን ሲደግሙ እኔ የመጀመሪያውን ስንኝ እፈልግ ነበር።

በየቋንቋው አንድ አንድ ምክንያት ተሰጠኝ። ቋንቋውን ትቶ እኔን ያየኝ ግን አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ጓደኞቼ እያነበቡልኝ፣ እኔ ደግሞ መልሼ እያስረዳኋቸው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም። አባቴ ግን “መማር ትማሪያለሽ” ብሎ ሚዛን ከተማ ካለ አንድ ኮሌጅ አስመዘገበኝ። የኮሌጁን ስም አልጽፍም። ስሙን ብጽፍ የሚያፍሩት ምንም ያላደረጉኝ ተማሪዎች ናቸው።

ከሚዛን ጋር የተያያዘችው አማን ላይ ቤት ተከራይቼ አብራኝ የምትኖረው ሰላማዊት ናት። የቴፒ ልጅ ናት፤ አባቷ ነጋዴ ናቸው። እኔ ጴንጤ፣ እሷ ኦርቶዶክስ፤ እሷ ስትጾም እኔም ሽሮ እየበላሁ አብሬያት እጾማለሁ። ሰላማዊት ካልጮኸች ማጥናት አትችልም። እየተንጎራደደች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ስትጨርስ እኔ አስረዳታለሁ። አከራያችን “እናንተ ልጆች፣ ጸሎት ነው ጭቅጭቅ?” እያሉ በር ያንኳኩብን ነበር። እኔ እንደዚያ ዓመት ትምህርት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ኮሌጁ ኮርሶቹን በተራ በተራ ነው የሚሰጠው። ሚያዝያ ላይ የምንጨርሰው የሥነ ልቦና መግቢያ ነበር። በአጋማሹ ፈተና ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ነበርኩ። እንደ ሁልጊዜው ጥያቄዎቹን ሳላዳርስ ሰዓቱ አልቆ ነው። መምህራችን ወረቀቴን ሲመልሱልኝ “አንቺ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ስትመልሺ ሌላ ሰው ነሽ” አሉኝ። ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የማጠቃለያው ፈተና ሲደርስ ዝናቡ የሆነ ቦታ ምሰሶ ጥሎ ከተማው በሙሉ መብራት የለውም። የኮሌጁ ጀነሬተርም ተበላሽቷል። መምህሩ ፈተናውን እንድትጽፍ ለኮሌጁ ጸሐፊ በዋዜማው ሰጥተዋት ነበር፤ እሷም ሳትጽፈው ቀረች። ስለዚህ በእጅ የጻፉትን ይዘው ገቡና “ጥያቄውን እኔ አነባለሁ። ሁለት ሁለት ጊዜ። እናንተ መልሱን ፊደል ብቻ አስቀምጡ” አሉን።

ክፍሉ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ፣ “ቲቸር፣ ይሄማ የኳየር ልምምድ ሆነ” ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

መምህሩ ማንበብ ጀመሩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ ይጮኻሉ፤ ሲቀዘቅዝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በየወንበሩ “ምን አለ? ምን አለ?” የሚል ሹክሹክታ ነበር። እኔ ግን የሚሆነውን ማመን አቃተኝ። ጥያቄው አልቆ መልሱ እዚያው አጠገቤ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ሲያነቡ እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው ተማሪ ጋር እኩል ተፈተንኩ። ስወጣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ሰላማዊትን ስጠብቃት መበስበሴን እንኳን አላወቅኩም።

ውጤቱ ከፋሲካ በኋላ ተለጠፈ። ሰላማዊት ስሜን ፈልጋ አነበበችው። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። እሷ አቅፋኝ ስትዘል ነበር የክፍል አለቃችን መጥቶ “ብርቅነሽ፣ ቲቸር ይጠሩሻል” ያለኝ።

የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። መምህሩ በሩን እንኳን እንድዘጋው አልነገሩኝም።

“ማን ነው ያሳየሽ?” አሉኝ።

“ምኑን ቲቸር?”

“ፈተናውን ነዋ። በአጋማሹ ያመጣሽውን እኔም አውቃለሁ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው በአንድ ወር ውስጥ ከመጨረሻ ተነሥቶ አንደኛ አይወጣም። ጸሐፊዋ ናት ያሳየችሽ?”

እንዲህ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። እንደምንም ብዬ ሲነበብልኝ እንደሚገባኝ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን እንደሚጠፋኝ ነገርኳቸው። ከትንሽነቴ ጀምሮ እንዲህ መሆኔንም ጨመርኩ።

ሳቁ። “እና ኮሌጅ ምን ትሠሪያለሽ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሬድዮ አትሰሚም?” አሉኝ።

በሩ ክፍት ስለነበር በረንዳው ላይ የቆሙት ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “ሬድዮ” ሆነ። ምሳ ስንሄድ “ሬድዮ፣ ዛሬ ዜናው ምንድን ነው?” የሚለኝ አይጠፋም ነበር።

መምህሩ “እንግዲያው እንደገና ትፈተኛለሽ” አሉ። መብራት መጥቶ ነበርና ያንኑ ፈተና በወረቀት አስባዝተው፣ በማግስቱ ቢሮአቸው ውስጥ ብቻዬን አስቀመጡኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ በለሆሳስ ማንበብ ስጀምር “ማንን ነው የምታናግሪው? ዝም ብለሽ ሥሪ” አሉኝ። ዝም ስል ምንም አይገባኝም። ሰዓቱ ሲያልቅ ከግማሹ በላይ ባዶ ነበር።

“በቃ፣ ራስሽ መሰከርሽ” ብለው ወረቀቱን ሰበሰቡ። በፈተና ስርቆት ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሰሱኝ። ቅጣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት መባረር እንደሆነ ሰማሁ። አባቴ እንደገና ሊከፍልልኝ አቅም እንደሌለው አውቃለሁ፤ ከተባረርኩ ትምህርቴ እዚያው ያበቃል።

እስካሁን የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ፈተናውን ሰርቄ አጥንቼው ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ፈተና ሁለተኛ ጊዜ ስጠየቅ ይጠፋኝ ነበር? ሌባማ ብሆን የበለጠ እመልስ ነበር። ይህን ለአንድም ሰው ማስረዳት አልቻልኩም። የሰማኝ ሁሉ “እሱስ ልክ ነሽ” ይልና “ግን…” ብሎ ይቀጥላል።

ሰላማዊት እንደገና ፈተና ይሰጡሽ ይሆናል ብላ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልታነብልኝ ወሰነች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። መምህራችን ሳያስተምሩት የዘለሉት ምዕራፍ ነው። “ይሄን ራሳችሁ አንብቡት፤ ፈተና ላይ አይወጣም” ስላሉን ክፍሉ ውስጥ ያነበበው ሰው አልነበረም። ስለ መማር ችግሮች ይናገራል። ሰላማዊት እንግሊዝኛውን እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስልኝ ነበር። መሐል ላይ ቆመች።

“ምን ሆንሽ? ቀጥዪ እንጂ” አልኳት።

“ብርቄ” አለች፣ “ይሄኮ አንቺ ነሽ።”

እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችልኝ። ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮው ደህና የሆነ ሰው፣ ዓይኑም ጆሮውም ጤነኛ የሆነ፣ የተጻፈ ቃል ሲያነብ ግን የሚቸገር። የስንፍና ወይም የቋንቋ ጉዳይ አይደለም ይላል። ከቤተሰብ ሊወረስ ይችላል፤ ጥያቄው ቢነበብለት፣ ሰዓት ቢጨመርለት ይረዳዋል ይላል። ሰላማዊት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ግን ንዴቴ ቀደመኝ። ስለ እኔ የተጻፈው ነገር እኔን ሌባ ባሉት ሰው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነበር። እሳቸው ናቸው የዘለሉት።

ሰኞ ዕለት መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። መምህሩ ገጹን አየት አድርገው “ይሄ የፈረንጅ ልጆች ችግር ነው። እዚህ እኛ አገር የለም” አሉኝ። የኮሌጁ ዲን የተሻሉ ነበሩ፤ ሰሙኝ። “ጥሩ፣ የሐኪም ማስረጃ አምጪ” አሉ። የሚረዱኝ መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። የት ክፍል እንደሚልኩኝ ግራ ገብቷቸው በመጨረሻ ዓይን ምርመራ አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የዞረ አንድ ፊደል አለ፤ ወዴት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ነው። እስከ ታችኛው መስመር ሳልሳሳት አሳየሁ። ባለሙያው “የንስር ዓይን ነው ያለሽ” ብሎ ቀለደና “ዓይኗ ጤነኛ ነው” ብሎ ጽፎ ማህተም መታበት።

ኮሚቴው ያንን ወረቀት ማስረጃ አድርጎ ያዘው። ልጅቷ ምንም ችግር እንደሌለባት በሐኪም ተረጋግጧል ተባለ።

ለስብሰባው ወላጅ ይቅረብ ስለተባለ ለአባቴ ደወልኩለት። በስልክ የቻልኩትን ያህል አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና “አይዞሽ፣ እኔ መጥቼ እጨርሰዋለሁ” አለኝ። ትልቅ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ብቻውን አልመጣም። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ነበር። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ተካ ናቸው፤ ሌላኛው ጎረቤታችን። ሦስቱም እንደ በዓል ቀን ለብሰዋል፤ ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ በር ላይ በቅጠል ሲጠርጉ አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ የመጣው ሊከራከርልኝ አይደለም። ሽማግሌ ይዞ ስለ እኔ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው ጥፋቱ ከታመነ በኋላ ነው። ሽማግሌ ከቆመ “አላጠፋሁም” የሚባል ነገር የለም።

ዲኑ፣ መምህሬና ሌሎች ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ሽማግሌዎቹ ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም፤ የመጡበት ነገር ምላሽ ሳያገኝ አይቀመጡም። ጋሽ ተካ ቆመው፣ ልጅ እንደሚያጠፋ፣ አባት ደግሞ እንደሚለምን፣ ትምህርት ቤትም ሁለተኛ ወላጅ እንደሆነ በጥሩ አማርኛ ተናገሩ። ሲጨርሱ የአባቴ አንገት ተደፍቶ ነበር።

ዲኑ ደስ አላቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። ሽማግሌ አክብረው ስለመጡ ማባረሩ ቀርቶ የዚያ ኮርስ ውጤት ዜሮ እንዲሆን፣ እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ክፍል ውስጥ ይቅርታ እንድጠይቅ ሐሳብ አቀረቡ። መምህሬም “እኔ ልጅቷን የመጉዳት ፍላጎት የለኝም” አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“ተነሺ ልጄ፣ ይቅርታ በያቸው” አሉ ጋሽ ተካ።

እኔ ሰው ማስቀየም የማልወድ ሰው ነኝ። መምህር ሲቆጣኝ ሌሊቱን አልተኛም። ያን ቀን ሁሉም ሰው የሚፈልገው አንዲት ቃል ነበረች፤ ብናገራት ሁሉም ይደሰታል፤ ትምህርቴንም እቀጥላለሁ። ተነሣሁ።

“ይቅርታ አልጠይቅም” አልኩ። “አልሰረቅኩም።”

አባቴ ቀና ብሎ በቤንችኛ፣ እነዚህን ሰዎች አስቁሜ እንዳላዋርደው ለመነኝ። ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ መለስኩለት።

“አባዬ፣ ይቅርታ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ‘ማን ሰጠሽ?’ የሚል ጥያቄ ነው። ማንን ልጥራ?”

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። ማንም ስሟን አልጠራም፤ ሁሉም ግን አያት።

ጋሽ ተካ ተቀይመዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። እንደሚቆጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን፣ “እሺ። ካልሰረቅሽ በምን ይታወቃል?” አሉኝ።

“ያንብቡልኝና ይጠይቁኝ። የፈለጉትን። አይቼው የማላውቀውን።”

መምህሬ፣ ፈተና በወረቀት እንደሆነ፣ በአፍ መጠየቅ ደንቡ ላይ እንደሌለ ተናገሩ። ጋሽ ተካ ወደ ዲኑ ዞረው፣ “እኛ ሁለት ሰው ስንሸመግል አንዱ የተናገረውን ሌላው ሰምቶ ይመልሳል፤ ወረቀት አንጠይቅም። ልጅቱ ጠይቁኝ ካለች መጠየቁ ምን ይጎዳል? እኛ እንደሆነ ቆመን እንጠብቃለን” አሉ።

እነዚያ ሽማግሌዎች ቆመው እያሉ እምቢ ማለት ዲኑን ከበዳቸው። ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ብቻ ነው። ስለ ፈተና ጥፋት የሚናገረውን አንቀጽ አውጥተው ረጅሙን ሁሉ አንብበው “እስቲ ምን ይላል?” አሉኝ።

ቃል በቃል አልነበረም እንጂ በቅደም ተከተሉ ነገርኳቸው። ጥፋቶቹን፣ ቅጣቶቹን፣ ማን እንደሚከስ፣ ማን እንደሚወስን። መጨረሻ ላይ “ተከሳሹ ተማሪ የቀረበበት ማስረጃ ከስብሰባው በፊት ሊነገረው ይገባል ይላል” አልኩና ቆምኩ። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ “ለእኔ ግን አልተነገረኝም። ማስረጃው ምንድን ነው?”

ዲኑ ደንቡን ደግመው ተመለከቱት። ከዚያ ወደ መምህሬ ዞሩ። መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

“እባካችሁ ተቀመጡ” አሉ ዲኑ ሽማግሌዎቹን። ጋሽ ተካ ያኔ ተቀመጡ።

ኮሚቴው የወሰነው ሌላ መምህር አዲስ ፈተና አዘጋጅተው እንዲያነቡልኝ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈተንኩ። ውጤቱ ከመጀመሪያው ትንሽ ቢቀንስም ጥሩ ነበር። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ክሱን ለማንሳት ኮሚቴው እንደገና መሰብሰብ አለበት ተባለ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው መስክ ይወጣል። ስሜ ክረምቱ ከገባም በኋላ የተከሳሾች ዝርዝር ውስጥ ቆየ። “ሬድዮ” የሚለው ስምም እስካሁን አልቀረልኝም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። መምህሬ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አገኙኝና ፈገግ ብለው “ተረፍሽ አይደል?” አሉኝ። ከምን ነው የተረፍኩት? ያላደረግኩትን አድርገሻል ያለኝ ሰው “ተረፍሽ” ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ? “አዎ ቲቸር” ብዬ አለፍኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የስብሰባው ዕለት አባቴን ልሸኘው መናኸሪያ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ገብተው ሚኒባሱ እስኪሞላ እኔና እሱ ውጭ ቆምን። ያዋረድኩት መስሎኝ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሱ ነው የጀመረው።

“እኔን ያስወጡኝ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው” አለኝ።

አባቴ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ለማንም ነግሮ አያውቅም።

“ፊደሉን አውቀዋለሁ። ሲገጣጠም ነው የሚጠፋኝ። እንዲህ ስለው መምህሩ ያፌዝብኛል ብሎ ገረፈኝና አባትህን ይዘህ መጥተህ ይቅርታ ጠይቅ አለኝ። አባቴን ማምጣት ፈራሁ። በዚያው ቀረሁ። ያኔ ይቅርታ ብጠይቅ ኖሮ ይመልሱኝ ነበር እያልኩ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የኖርኩት። ለዚህ ነው ሽማግሌ ይዤ የመጣሁት። አንቺም በዚያው እንዳትቀሪ ብዬ።”

ረዳቱ “ሸዋ ቤንች፣ ሞልቷል!” ብሎ ጮኸ። አባቴ ገባ። ሚኒባሱም ሄደ።

አሁን አንደኛ ዓመትን ጨርሼ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው። ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ፣ እየጮኽኩ ነው፤ የፊደል ስህተቱን ሰላማዊት አርማልኛለች። ስለ ራሴ ስናደድ ንዴቱ ይመጣል ይሄዳል። ያንን ፈተና በዝናብና በመብራት መጥፋት ምክንያት ባያነቡልን ኖሮ እስካሁን ራሴን ደደብ እያልኩ እኖር እንደነበር ሳስብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። የአባቴ ነገር ሲመጣብኝ ደግሞ ንዴቱ የሚያልፍ አይመስለኝም። ሽማግሌ ሊላክ የሚገባው ወደ እሱ ነበር። ከስንት ዓመት በፊት የወጣበት ክፍል ገብቶ ፊት ለፊት መቀመጥ ያለበት እሱ፣ ቆሞ መልስ መጠበቅ ያለበት ሌላ ሰው ነበር። አባቴን የገረፈው መምህር የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ሞቷል። ምናልባትም ጡረታ ወጥቶ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ ብሎ ያስባል።

ኮሌጁ በመጨረሻ ክሱን አንሥቶ ውጤቴን ለጠፈልኝ። ማብራሪያ አልተሰጠኝም፤ ይቅርታም ያለኝ የለም። አባቴን ከሸዋ ቤንች አስመጥቼ ሰሌዳው ፊት አቆምኩትና ስሜን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ራሴ አነበብኩለት። ዕለቱ ዓርብ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር።